በቀይዋ መኪና ላይ የለጠፍኩት ላስቲክ

ባለፈው ቅዳሜ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ አዲስ ሱቅ ሲከፈት ተጠርቼ ሄድኩ። ሱቅ ከምለው ጋራዥ ማለት ሳይሻል አይቀርም፤ ግን ወለሉ እንደ ክሊኒክ በነጭ ሴራሚክ ተነጥፏል፣ ጣሪያው ላይ ረጃጅም አምፖሎች ተደርድረዋል፣ መሃል ላይ አንዲት ጥቁር የቤት መኪና ታጥባ ቆማለች። ዘይት የነካው ጨርቅ እንኳ አይታይም። እዚያ መኪና አይጠገንም። በመኪናው ቀለም ላይ ዓይን የማይለየው ግልጽ ላስቲክ ይለጠፋል። ከፊት የሚሄደው መኪና ጎማ የሚያስፈነጥረው ጠጠር ላስቲኩን ይመታል እንጂ ቀለሙን አያገኘውም። የሱቁ ባለቤት ናሆም ይባላል። የታቢታ የመጨረሻ ልጅ ነው።

ታቢታ በወጣትነቴ ከእኔ ጋር በአንድ ንባብ ክፍል የሠራች፣ በአንድ የመዘምራን ቡድን የዘመረች፣ ከዚያም በአንድ ከተማ አብራኝ ያረጀች ሴት ናት። ጓደኛሽ ናት ወይ ተብዬ ብጠየቅ ወዲያው መልስ አልሰጥም።

ድንኳን ተጥሎ፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሮ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ዳቦና ለስላሳ ታደለ። ፓስተሩ ጸለዩ። ከዚያ ናሆም ማይክሮፎኑን ይዞ ተነሣ። ረጅም ነው። ሊናገር ሲል ቀድሞ ትከሻው የሚነቃነቀው ነገር የአባቱ ነው።

«ብዙ ሰው ይህን ሥራ ከአዲስ አበባ ያመጣሁት ይመስለዋል» አለ። «አይደለም። በዚህ ከተማ መኪና ላይ መጀመሪያ ላስቲክ የለጠፈችው እናቴ ናት። ያውም በመጽሐፍ መሸፈኛ ላስቲክ። አባቴ ወደ ጌታ እስኪሄድ ድረስ የዚያን ላስቲክ ነገር ሳያወራ የዋለበት ቀን የለም። እኔ የእሷን ሥራ ነው የቀጠልኩት።»

ሰው አጨበጨበ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠችው ታቢታ አንገቷን ደፋች። አዎ አላለችም፤ አይደለም አላለችም። ልጎርሰው የነበረው ዳቦ እጄ ላይ ቀረ። ያን አንገት መድፋት አውቀዋለሁ። ከሠላሳ ዓመት በፊት አንድ እሑድ ቀን አይቼዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህም አልረሳሁትም።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። በከተማው ላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያናችን በከፈተችው ንባብ ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። እኔ መጽሐፍ እመዘግባለሁ፣ የተቀደደውን እጠግናለሁ፤ ታቢታ ታውሳለች፣ ሲመለስ ትቀበላለች። ከመስኮታችን ቁልቁል ሲያዩ ጫካው፣ ከጫካው ወዲያ ሁለቱ ሐይቆች ይታያሉ፤ ዓባያ ጭቃ የመሰለ ቀይ፣ ጫሞ ሰማያዊ። አባቴ የዶርዜ ሸማኔ ነበር። ልጆች ሳለን ወደ ቆላው ይዞን ወርዶ እዚህ ሸማውን እየሠራ ኖረ። እሱ ሲሞት እናቴና ሁለት ታናናሾቼ በእኔ ላይ ወደቁ። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ያን ሥራ ማጣት የማልችል ሰው እንደ ነበርኩ እንዲታወቅ ነው።

ንባብ ክፍሉን ልታደራጅ ከውጭ የመጣች አንዲት ሴት ወደ አገሯ ስትመለስ አንድ ጥቅል ግልጽ ላስቲክ ትታልን ሄደች። በአንድ በኩል ሙጫ ያለው፣ ጀርባው ላይ ያለውን ወረቀት ልጠው የሚለጥፉት ዓይነት ነው። ኀላፊያችን ወንድም ማርቆስ ጥቅሉን ሣጥን ውስጥ ቆለፉት፤ ለመዝሙር መጽሐፍና ለመጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ነው ብለውም ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። የሰጡኝ እጄን አይተው ነው። ሌላው ሰው ያን ላስቲክ ሲለጥፍ አረፋ ይይዝበታል፤ አንዴ ከያዘ ደግሞ አይነሣም። እኔ አንድ ቀን ልብስ እያጠብኩ ተጠርቼ ሄጄ፣ የሳሙና ውሃ ባልደረቀ እጄ ስነካው ላስቲኩ ከመጣበቅ ይልቅ ሲንሸራተት አየሁ። ከዚያ ወዲህ ጠንካራ ሽፋን ያላቸውን መጻሕፍት ሁሉ እንዲሁ ነው የሸፈንኳቸው። ላስቲኩን በሳሙና ውሃ አርጥቤ፣ ቦታው ላይ አስተካክዬ፣ ውሃውን በአባቴ አሮጌ መወርወሪያ ገፍቼ አወጣለሁ። መወርወሪያ ሸማኔ በድሩ መሃል ማጉን የሚያሳልፍበት እንጨት ነው፤ ዕድሜ ልኩን ከእጅ ወደ እጅ ሲወረወር የኖረ ስለሆነ ጥርስ ይመስል የለሰለሰ ነው። በጨርቅ ጠቅልዬ ስገፋበት የመርፌ ጫፍ የምታህል አረፋ እንኳ አታመልጠኝም።

ዛሬ የናሆም ሠራተኞች የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ በሚረጭ ጠርሙስና በጎማ መግፊያ። ሥልጠናውን ብዙ ወር ፈጅተው ተማሩት ተባለ።

በዚያ ዓመት አቶ ዶሳ አንዲት ቀይ ፒክአፕ ከአዲስ አበባ ይዘው መጡ። አቶ ዶሳ ላንቴ ላይ ሰፊ የሙዝ እርሻ የነበራቸው፣ እንደ አባቴ ከዶርዜ የወረዱ ሰው ነበሩ። «ከፋብሪካ እንደ ወጣች ነው የገዛኋት፤ ከእኔ በፊት መሪዋን የነካ የለም» እያሉ ላገኙት ሁሉ ያወራሉ። ቀለሟ የበሰለ በርበሬ ነው። እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ መነጽራቸውን አድርገው፣ ጎንበስ ብለው ኮፈኗን በጣታቸው ይዳስሱታል፤ ለመስቀል ሰንጋ የሚገዛ ሰው ቆዳውን እንደሚዳስሰው።

የሚነዳት የእህታቸው ልጅ ኢያሱ ነበር። ስለ ኢያሱ ብዙ አልጽፍም። ሲስቅ ቀድሞ ትከሻው ይስቅ ነበር። ሰላም ሲለኝ ደግሞ እጄን ከሌላው ሰው እጅ ትንሽ አዘግይቶ ይለቀው ነበር። ያችን ትንሽ መዘግየት እኔ ትልቅ አድርጌ ተርጉሜያት ነበር።

አቶ ዶሳ በሰው ፊት፣ «እስከሚቀጥለው መስቀል ፊቷ ላይ አንዲት የጠጠር ምልክት ካላየሁ መሪው ላንተ ይጸናል። ካየሁ ግን ለሚስቴ ወንድም ነው የምሰጠው» ብለውታል። ያኔ ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ የሚወስደው መንገድ አስፋልት አልነበረም። ላንቴን አልፎ፣ በምዕራብ ዓባያ አድርጎ እስከ ላይ ድረስ ጠጠር ነው። በበጋ ከፊት የጭነት መኪና ከኖረ ሰው በአቧራ ውስጥ ነው የሚሄደው፤ ድንጋዩ ሲመጣ አይታይም፣ ሲመታ ብቻ ይሰማል። ኢያሱ ሙዝ ጭኖ በሳምንት ሦስት ጊዜ በዚያ መንገድ ይመላለሳል። ከመስቀል እስከ መስቀል እንዲያ ተመላልሶ ምልክት የሌላት መኪና ማስረከብ የሚሆን ነገር አልነበረም።

መጀመሪያ ያሰበው በኮባ መሸፈን ነበር። ከደጋው ሰፋፊ የእንሰት ቅጠል አስመጥቶ፣ ኮፈኑ ላይ ደራርቦ በገመድ አሰረው። ላንቴ ሳይደርስ ነፋሱ ተለተለው። እዚያ ያሉት ሙዝ ጫኞች ከበቡት።

«ኢያሱ፣ ልትጋግራት ነው እንዴ በኮባ የጠቀለልካት?» አለው አንዱ።

«ተዉት፣ ቆጮ ሆና ስትበስል ዳጣችንን ይዘን እንመጣለን» አለ ሌላው።

ይህን ንባብ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ እየሳቀ ነገረን። ሲጨርስ ግን ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ፣ «እስካሁን አንድም አልመታትም። ነገ ሊሆን ይችላል፣ ከነገ ወዲያ ሊሆን ይችላል። አንዲት ጠጠር ናት የምታስወጣኝ» አለ።

እኔም አፌ ቀደመኝና «እኔ እሸፍናታለሁ» አልኩት።

ወንድም ማርቆስ ለስብሰባ ወደ ጨንቻ በወጡበት ቅዳሜ ሠራነው። ኢያሱ መኪናዋን ኩልፎ ወንዝ ወስዶ አጥቦ አመጣት። ግቢያችን ውስጥ ካለው ማንጎ ጥላ ሥር አቆምናት፤ ኅዳር ነበር፣ ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ሞቅ ብሎ ይመጣል። ታቢታ ባልዲ ያዘች። ከባልዲው በቀር ምንም አልያዘችም፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ላስቲኩን የለካሁት እኔ፣ የቆረጥኩት እኔ፣ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ኮፈኑን ጨርሼ ወደ ፓራፋንጎው፣ ከዚያ መብራቶቹ ዙሪያ ዞርኩ። ውሃው በክንዴ እየወረደ ቀሚሴን አበሰበሰው። ኢያሱ አጠገቤ ቆሞ መወርወሪያውን በዓይኑ ይከተላል፤ እኔም ሥራው እንዳያልቅ በቀስታ ነበር የምገፋው።

የኮፈኑን ጫፍ ከፍ አድርጌ ላስቲኩን ወደ ውስጥ ሳጥፍ አንድ ነገር አየሁ። ቀዩ ቀለም በሚያልቅበት ጠርዝ ላይ ጥፍር የምታህል ግራጫ ነበረች። ከቀዩ ሥር ሌላ ቀለም አለ ማለት ነው። አዲስ የተባለችው መኪና አሮጌ ነበረች፤ አንድ ሰው ቀብቶ ለአቶ ዶሳ ሸጦላቸዋል፣ ወይም እሳቸው አስቀብተዋታል። ቀና ብዬ አየሁ። ኢያሱም ታቢታም አላዩም። ላስቲኩን አጠፍኩና ሸፈንኳት። ያኔ ለራሴ የነገርኩት የሰውን ገመና መሸፈኔን ነው።

ስጨርስ ኢያሱ እጁን ኮፈኑ ላይ አሳለፈ።

«የታለ?» አለ። «ላስቲኩ የታለ?»

«እሱ ነው እንግዲህ ሥራው» አልኩት።

«እጅሽ ይባረክ፣ አስቱ።»

ይህን ሲል ደስ ብሎኝ ነበር፤ ወዲያው ግን ከጥቅሉ የቀረውን አየሁ። ግማሽ እንኳ አልቀረም። ሁለቱንም አቆምኳቸውና፣ «ማን እንደ ለጠፈው ለማንም እንዳትናገሩ። ላስቲኩ የቤተ ክርስቲያን ነው። ወንድም ማርቆስ ከሰሙ እኔ በነገው ቀን ቤቴ ነኝ። ቃል ግቡልኝ» አልኳቸው። ሁለቱም ቃል ገቡልኝ።

ሳምንታት አለፉ። ጠጠሩ ይመታል፣ ላስቲኩ ይቀበላል። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ አቶ ዶሳ እንደ ልማዳቸው ሲዳስሱ ጥፍራቸው የላስቲኩን ጠርዝ አገኘ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉና ሰውን ሁሉ ጠሩ።

«ኑ እዩ። መኪናዬ ቆዳ አብቅላለች። ማነው እንዲህ ያለ ብልሃት ያለው?»

ከመጡት አንዱ ወንድም ማርቆስ ነበሩ። ቀረብ ብለው አዩና፣ «ላስቲክ ነው። የኛን ይመስላል» አሉ።

ኢያሱ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔ ወደ ማንጎው ዞርኩ። ማንጎው አብቦ እንደ ነበር ትዝ ይለኛል፤ ንቦቹን እስክቆጥር ድረስ አየሁት። ያን ጊዜ ታቢታ፣ «እኔ ነኝ ጋሼ» አለች። «ላስቲኩን አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ነው የላከልኝ።» ከዚያ አንገቷን ደፋች።

ይህን ነገር ብዙ ዓመት አገላብጬዋለሁ። ልታድነኝ ነው ያለችው? ወይስ ቦታው ባዶ ሆኖ ስታየው ልትቀመጥበት? እሷን ብትጠይቋት የመጀመሪያውን ትላለች። ወይም ምንም አትልም፣ አንገቷን ትደፋለች። እኔ ግን ያን ቀን ያየሁትን አይቻለሁ። አቶ ዶሳ ራሷን ሳሟት። «ለመስቀል ወደ ዶርዜ ስንወጣ ከፊት ወንበር የምትቀመጪው አንቺ ነሽ» አሏት። ሰው ሁሉ ከበባት። የእኔ እጅ በሳሙና ውሃ የተላላጠ ነበር፤ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

በማግስቱ ኢያሱ ብቻዬን ስሆን ጠብቆ መጣ።

«እነግራቸዋለሁ አስቱ። ልክ አይደለም፤ ይከብደኛል» አለኝ።

«አትንገር ብያለሁ፣ አትንገር።»

«ማርቆስን እኔ እለምናቸዋለሁ።»

«ቃል ገብተሃል» አልኩትና መጽሐፌን ገለጥኩ። ኮፍያውን አድርጎ ሄደ። ያን ቀን እሺ ብዬው ቢሆን ምን ይሆን እንደ ነበር ማንም አያውቅም። እኔም አላውቅም። ያወቅሁ የሚመስለኝ ሌሊት ነው፣ ሲነጋ ይጠፋኛል።

ከዚያ ሐሙስ ሐሙስ ከአቶ ዶሳ ለታቢታ የተላከ ሙዝ ይመጣ ጀመር። አንዳንድ ጊዜ ከዓባያ የወጣ አሣ በቅጠል ተጠቅልሎ፣ አንዳንድ ጊዜ ከደጋ የወረደ ማር። ይዞት የሚመጣው ኢያሱ ነው። እሷ ሁልጊዜ ግማሹን ለእኔ ታካፍላለች፤ ይህም ራሱ ያናድደኝ ነበር። እናቴ ሙዙን እየበላች «ደግ ልጅ ናት» ስትል አፏን ባፈንኩት እል ነበር። መጀመሪያ ላይ ኢያሱ ሙዙን አስረክቦ ይሄዳል። ከዚያ ቁጭ ማለት ጀመረ። ከዚያ መጽሐፍ መዋስ ጀመረ፤ ሲያነብ ታይቶ የማያውቅ ሰው። አንድ ሐሙስ ሁለታችንንም ሰላም ሲለን የእኔን እጅ እንደ ማንኛውም ሰው እጅ ወዲያው ለቀቀው። የእሷን አዘገየ።

ሰው ቅናት እሳት ነው ሲል እሰማለሁ። የእኔ እንዲያ አልነበረም። የእኔ የሚሠራ፣ በሥርዓት የሚያስብ፣ ቀን ቆጥሮ የሚጠብቅ ነገር ነበር።

የካቲት ገባ። አርባ ምንጭን በየካቲት የማያውቅ ሰው ፀሐይ ምን እንደሆነች ሙሉ በሙሉ ያውቃል አልልም። ቆርቆሮው እየተንጣጣ፣ ሐይቁ ላይ ያለው አየር እየተንቀጠቀጠ ይውላል። በዚያ ሰሞን መስኮቱ ላይ የተረሳ አንድ መዝሙር መጽሐፍ አገኘሁ። ከወራት በፊት ራሴ የሸፈንኩት ነው። ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። ላስቲኩን ልቀይርለት ብዬ ስልጠው ከሽፋኑ ቀለም ጋር መጣ፤ የርዕሱ ፊደላት በሙሉ ላስቲኩ ላይ ቀርተው መጽሐፉ ባዶ ካርቶን ሆነ። ሙጫው በፀሐይ በስሏል። ብዙ ቆሜ አየሁት። ከዚያ መጽሐፉን ከነላስቲኩ መሳቢያዬ ውስጥ ከወረቀት ሥር አስገባሁት።

መጋቢት ላይ ታቢታ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች።

«አስቱ፣ የመኪናዋ ላስቲክ ጠርዙ ቢጫ እያለ ነው። ኢያሱ ይነሣ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ ነው።»

መሳቢያው ጉልበቴ ላይ ነበር።

«ተይው» አልኳት። «ምንም አይሆንም። ለመስቀል ይነሣል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ማነው የለጠፈው? አንቺ ነሽ እኔ?»

ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ከእኔ አፍ የወጣው ይኸው ነው። ግራጫዋን አውቅ ነበር፣ የመዝሙር መጽሐፉንም አውቅ ነበር፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግም አላቃተኝም። ኢያሱ መሪውን እንዲያጣ አልፈለግሁም። የፈለግሁት እሷ እንድታፍር ነው። ያኔ ሁለቱ የሚለያዩ ነገሮች ይመስሉኝ ነበር።

የበልጉ ዝናብ መጣ፣ ክረምቱም አለፈ። የመስቀል ዋዜማ ላይ ቆላ ያለ የዶርዜ ሰው ሁሉ ወደ ላይ ይወጣል። ሸማኔው ከአዲስ አበባ፣ ነጋዴው ከሶዶ ይመጣል፤ ሰው ዓመቱን ሙሉ የሠራውን ይዞ የሚታይበት ጊዜ ነው። አቶ ዶሳም ለዚያ ቀን ነበር መኪናዋን ያኖሯት። እኔ እናቴ ለዘመዶቻችን የምትልከውን ቅቤ ይዤ ጠዋት ግቢያቸው ደረስኩ። ጭነቱ አልቆ፣ ሙዝ ጫኞቹ አጥሩን ተደግፈው ቆመው፣ ታቢታ አዲስ ነጠላ ለብሳ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ነበር። አቶ ዶሳ ኮፈኑን በላስቲኩ ላይ ዳስሰው አንድም ምልክት አለማግኘታቸውን ለሁሉ ተናገሩ።

«መሪው ያንተ ነው» አሉት ኢያሱን። «በል አሁን ይህን ልብሷን አውልቅላት። ዘመድ ፊቷን ይያት።»

ኢያሱ ጠርዙን በጥፍሩ አነሣና ሳበ። ደረቅ ኮባ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ። ላስቲኩ ቀዩን ተሸክሞ መጣ። መዳፍ የምታህል፣ ከዚያ ሳሕን የምታህል፣ ከዚያ የኮፈኑን እኩሌታ የምታህል ግራጫ ወጣች። ኢያሱ መሃል ላይ አቆመ፤ ግን የቀረው በራሱ ክብደት ተንሸራቶ ወረደ።

ከዚያ ከአጥሩ በኩል አንዱ ሙዝ ጫኝ፣ «ጋሽ ዶሳ፣ ይህች ከሥር ያለችው ደግሞ የማን መኪና ናት?» አለ።

ሳቁ ከግቢው አልፎ መንገድ ላይ ተሰማ። አቶ ዶሳ መነጽራቸውን አውልቀው በጨርቃቸው ጠረጉት፤ ደጋግመው ጠረጉት። ለአንድ ዓመት ከፋብሪካ እንደ ወጣች ነው ያሉትን የሰማ ሰው ሁሉ እዚያ ቆሟል። ዞር ብለው ታቢታን አዩአት። ከመኪናው ወርዳ ነበር።

«ልጄ፣ ምን አደረግሽብኝ?»

«ይቅርታ ጋሼ» አለች።

አንድ ጊዜ ብቻ አየችኝ። በቂ ጊዜ ነበረኝ። አፌን ከፍቼ «እኔ ነኝ» ለማለት፣ ቢያንስ «ተይው ያልኳት እኔ ነኝ» ለማለት። የቅቤውን ዕቃ ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አዛወርኩ። አቶ ዶሳ እጃቸውን ዘረጉ፤ ኢያሱ ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠ። የሚስታቸው ወንድም ግራጫና ቀይ የሆነችውን መኪና እየነዳ ዶርዜ ወጣ። ታቢታ አልሄደችም። አዲሱን ነጠላዋን አጣጥፋ በእጇ ይዛ በእግሯ ወደ ሴቻ ተመለሰች። ኢያሱ ከኋላዋ ሮጦ ደረሰባት። አብረው ሲሄዱ እስከ መታጠፊያው ድረስ አየኋቸው።

የተላጠውን ላስቲክ ከነቀዩ ጠቅልሎ ይዞት ነበር። በሳምንቱ ይዞት ሶዶ ሄደ፤ አንድ የታወቀ የመኪና ቀለም ቀቢ ዘንድ ገብቶ፣ ይህ ለምን ሆነ ብሎ ጠየቀ። ሰውየውም ከሥር ያለው ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ሳይሻክር በላዩ የተቀባ መሆኑን፣ ላስቲኩ ባይወስደው ዝናብ ይወስደው እንደ ነበር አሳየው። ኢያሱ ጥያቄውን ይዞ ሄዶ እዚያው ሥራ ተማረ። ታቢታ ትጽፍለት ነበር። በሁለት ዓመቱ ተጋቡ፤ ሲቀላ ላይ ቀለም ቤት ከፈተ። በሠርጋቸው ዘመርኩ። ሁለተኛ ድምፅ ነበርኩ።

እኔ ከሠርጉ በፊት ለማስተማር ምዕራብ ዓባያ ተቀጥሬ ከንባብ ክፍሉ ወጥቼ ነበር። እዚያ አንድ መምህር አገባሁ፤ ከዓመታት በኋላ አብረን ወደ አርባ ምንጭ ተመለስን። ጥሩ ሰው ነበር። ስለ እሱ እዚህ አላወራም።

እንግዲህ ባለፈው ቅዳሜ ናሆም ያን ሁሉ ሲናገር በእጄ ዳቦ ይዤ የተቀመጥኩት ሴትዮ ይህን የማውቅ ሴትዮ ነኝ። ጭብጨባው ሲያልቅ እናቱን ጠራት። በጥቁሯ መኪና ኮፈን ላይ የመጀመሪያውን ላስቲክ እሷ እንድትለጥፍ ፈልጎ ነው። ታቢታ ተነሣች። ላስቲኩን አንጥፈው ሰጧት፣ የጎማውን መግፊያ አስያዟት። ገፋች። አረፋ። እንደገና ገፋች፤ አረፋው ሁለት ሆነ። ሰው በደግነት ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ የእኔ ግን በደግነት አልነበረም።

ታቢታ ቀና ብላ በሰው መሃል ፈለገችኝ።

«አስቱ፣ ነይ እስኪ» አለች። «እኔ እኮ ባልዲ ያዥ ነበርኩ።»

ማይክሮፎኑ ክፍት ነበር።

«እንዴ፣ ማሚ?» አለ ናሆም።

«እሷ ናት የለጠፈችው። አባትህም ያውቅ ነበር። እንዳንናገር ቃል አስገብታን ነው። ወንድም ማርቆስም አምና ተቀበሩ፤ ከእንግዲህ ማን ይጠይቃታል?»

ድንኳኑ በሳቅ ተሞላ። የማስታውሰው ዳቦውን ወንበሬ ላይ አስቀምጬ መነሣቴን ነው። ጎማው ከአባቴ መወርወሪያ ይቀልላል፤ ሥራው ግን ያው ነው። የያዘውን አንሥቼ፣ አርጥቤ፣ ከመሃል ወደ ዳር ገፋሁት። ታቢታ ጠርሙሱን ይዛ ትረጭልኛለች። አረፋ አልቀረም። ናሆም ጎንበስ ብሎ አየና፣ «እትዬ አስቴር፣ ባለሙያዋ እርስዎ ከሆኑ ይንገሩኝ፤ ይህ ላስቲክ እስከ መቼ ቢቆይ ይሻላል?» አለኝ በቀልድ።

«የአርባ ምንጭ ፀሐይ ላይ የሚቆም ከሆነ ቀኑ ሳይደርስ አንሣው» አልኩት። «ጠርዙ ቢጫ ካለ አንድ ቀን አትጠብቅ።»

ታቢታ መርጨቷን አቆመች። ማይክሮፎኑ ርቆ ሄዷል። ወደ ኮፈኑ አጎንብሳ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «መሳቢያሽን ያጸዳሁት እኔ ነኝ» አለችኝ። «ምዕራብ ዓባያ የሄድሽ ጊዜ። መዝሙር መጽሐፉን ያኔ አገኘሁት።»

መግፋቴን አላቆምኩም።

«እንኳንም ተይው አልሽኝ» አለች። «ያ ቀለም ባይላጥ ኢያሱ ሶዶ አይሄድም ነበር።» ይህን ብላ ልጇን አየች፤ ከዚያ ወደ ሱቁ፣ ወደ አምፖሎቹ። ጠርሙሱን አንሥታ መርጨቷን ቀጠለች።

ብትወቅሰኝ መልስ ነበረኝ። ያን መልስ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳሰማምረው ኖሬአለሁ፤ ከየት ጀምሬ የት እንደምጨርስ፣ እሷ የቱ ላይ እንደምታለቅስ ሳይቀር አውቀው ነበር። ለምስጋና ግን ምንም አላዘጋጀሁም። ኢያሱን ወሰደች፣ ሥራዬን ወሰደች ስል ኖርኩ። እሷ ሥራዬን በማይክሮፎን መለሰችልኝ፤ ያደረግሁባትን ግን ለማንም ሳታወራ ለራሷ አስቀርታ፣ ከፍቅሯና ከትዳሯ ጋር አንድ ላይ አኑራዋለች። ይህን ያህል ዓመት እያወቀች አብራኝ ስትዘምር ኖራለች ማለት ነው።

ቤቴ ስገባ የአባቴን መወርወሪያ ከቁም ሣጥኑ አወጣሁት። ጨርቁ አልቋል፣ እንጨቱ ግን እንደ ለሰለሰ ነው። አጠገቡ ተቀምጬ ይህን ጻፍኩ። የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ይህ አሁን በሰው ፊት ተነግሯል። ተይው ያልኳትም እኔ ነኝ። ይህን ማንም አልተናገረም፤ ታቢታም አትናገረውም፣ አውቃታለሁ፣ ይዛው ትቀበራለች። ስለዚህ እኔው ጻፍኩት። ይህንንም እሷ እንድትይዝልኝ አልፈልግም።